ስለ ማኅፀን ኪራይ፦ ሕፃኑ የማን ልጅ ነው?



በምንኖርበት በአሜሪካ ልጅ በማጣት ያዘኑ ባልና ሚስት ሌላ ሴት ጸንሳ ወልዳ እንድታስረክባቸው በገንዘብ ይዋዋላሉ። ጥያቄው ወደ ደጃችን መድረሱ ስለማይቀር በዚህ ዕትም ጥቂት ልንል ወደድን።

በኒው ጀርዚ «ሕፃን ኤም» በተባለችው ልጅ ምክንያት የተነሣው ክርክር ይታወቃል። አንዲት ሴት 10,000 ዶላር ልትቀበል ተዋውላ በራስዋ እንቁላል ጸነሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1986 ከወለደች በኋላ ግን አልሰጥም አለች። የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉን ልጅን እንደ መሸጥ ቈጥሮ ሻረው። ለሕፃንዋ ይበጃል ሲልም ለአባትዋ እንድትሰጥ ፈረደ፤ የወላጂቱን እናትነት ግን አጸና። በ1993 የካሊፎርኒያ ፍርድ ቤት ጽንሱ ከባልና ሚስቱ ዘር በሆነበት ሌላ ክርክር፣ እናትነትን ልጁን ለማስገኘትና ለማሳደግ አስቀድማ ላሰበችው ሴት ሰጠ። ኒው ጀርዚም በ2018 እንቁላሉ የተሸካሚዋ ካልሆነ ውሉን ፈቅዳለች። በአገራችን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ግን እናት የወለደችው ናት ይላል። እንግዲህ አንድ ሕፃን በሎስ አንጀለስ አንዲት፣ በአዲስ አበባ ሌላ እናት ሊኖረው ነው!

ሣራም አጋርን ለአብርሃም ሰጥታ የለምን የሚሉ አሉ። ሰጥታለች። ነገር ግን የዘፍጥረት 16ኛ ምዕራፍ የተከተለውን ንቀት፣ መከራና ወደ ምድረ በዳ መሸሽ አይሸሽግም፤ አጋርን ፈቃድዋን የጠየቃት አልነበረም፤ በውኃው ምንጭ አጠገብ ያገኛት የእግዚአብሔር መልአክ ነው። የዛሬዋ ሴት ትፈርማለች፤ ሆኖም ችግር ያስፈረመውን ፊርማ ፍጹም ፈቃድ ለማለት አንደፍርም። ይህን ስንል መካኖችን ልንነቅፍ አይደለም፤ ኢያቄምና ሐናም በዚህ ኀዘን ተፈትነዋል።

ሕፃኑ በማናቸውም መንገድ ቢወለድ በደል የለበትም። ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን ለጥምቀት የሚያመጡ ወላጆች እንዴት እንደ ተወለደ በማፈር ከቤተ ክርስቲያን ሊርቁ አይገባም። እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን የኋላው ነው። አባቶቻችን ለጋብቻ እስከ ሰባት ትውልድ ይቈጥራሉ፤ እንቁላሉ ወይም ዘሩ ስሙ ከማይታወቅ ሰው የመጣ እንደ ሆነ ልጁ አድጎ ሲያጭ ሽማግሌዎች ምን ይቈጥራሉ? ስለዚህ እንዲህ ባለ መንገድ ልጅ ያገኙ ወላጆች የወለደችውንና ዘሩን የሰጠውን ሰው ማንነት ጠይቀው፣ ጽፈው እንዲያኖሩለት፣ ለአካለ መጠንም ሲደርስ ራሳቸው እንዲነግሩት እንለምናለን።