በእንግሊዝኛ የንግድ ደብዳቤ ዐረፍተ ነገርን ከዐረፍተ ነገር ስለ ማያያዝ

ሰሊጡን ከመተማና ከቋራ ቆላ አስመጥቶ፣ አስበጥሮና በጆንያ አስሞልቶ በጂቡቲ ወደብ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚልክ የባሕር ዳር ነጋዴ፣ ዕቃውን የሚገዛለትን ሰው በዓይኑ ሳያየው ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በሁለቱ መካከል ቆሞ ስለ ሁለቱም የሚናገረው ደብዳቤ ነው፤ ደብዳቤውም አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ዛሬ ፖስታ ቤት ሳይደርስ በኮምፒዩተርና በእጅ ስልክ ቢላክም፣ ጸሐፊውን የሚያስጠይቅ ቃል መሆኑ አልቀረም። ስለዚህ በዚህ ሳምንት ትምህርታችን ቃላቱን ትተን፣ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች በሚገናኙበት ስፍራ ስለሚቀመጡት ትንንሽ ምልክቶች እንነጋገራለን።

አንድ ጸሐፊ «ጆንያዎቹ ተዘጋጅተዋል፣ ኤል ሲውን ሲከፍቱልን እንጭናለን» ብሎ በአማርኛ አሰበ እንበል። ይህንኑ ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ መልሶ፣ «ዘ ባግስ አር ሬዲ, ዌን ዩ ኦፕን ዘ ኤል ሲ, ዊ ዊል ሎድ» ሲል ጻፈ። የቃላቱ ፍች ትክክል ነው፤ በፊደሉም ስሕተት የለም። ነገር ግን ደብዳቤው የደረሰው ገዢ በሁለት መንገድ ሊያነበው ይችላል። በአንደኛው ንባብ ጆንያዎቹ አሁኑኑ ተሰናድተው በመጋዘን ተቀምጠዋል፤ ኤል ሲው ሲከፈት ይጫናሉ። በሁለተኛው ንባብ ግን ጆንያዎቹ የሚሰናዱት ገና ኤል ሲው ሲከፈት ነው። ሻጩ፣ ገዢው ዛሬ ነገ ገንዘቡን በባንክ ያስይዛል ብሎ ሲጠብቅ፣ ገዢው ደግሞ ዕቃው ገና አልደረሰም ብሎ ሳይቸኩል ይቀመጣል። በዚህ መካከል የሰሊጥ ዋጋ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል፣ ለመዘግየቱ ተጠያቂው ማን ነው የሚለው ክርክር የሚነሣው ከዚያች ከመጀመሪያይቱ ኮማ ነው።

የእኛ ጸሐፊ ይህን አደጋ የማያየው ሰነፍ ስለ ሆነ አይደለም፤ የገዛ ቋንቋው አሳርፎት ስለ ኖረ ነው እንጂ። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጽ የሚመጣው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ነው። «ሲከፍቱ»፣ «ቢዘገዩ»፣ «ስለ ረከሰ» የሚሉት ሁሉ ቀጥሎ የሚመጣውን ማሰሪያ ይጠብቃሉ እንጂ፣ ወደ ኋላ ዞረው ያለፈውን ዐረፍተ ነገር አይዙም። «ገዝቶ፣ አስበጥሮ፣ ጭኖ ላከ» ስንልም፣ የሰዋስው ዐዋቂዎች ቦዝ አንቀጽ የሚሉት ግሥ ነገሩ ገና አለመፈጸሙን በራሱ መልክ ይናገራል፤ ሰረዞቹ ሁሉ ቢጠፉ እንኳ አንባቢው አይሳሳትም። በእንግሊዝኛ ግን ጥገኛው ሐረግ ከዋናው በፊትም ከዋናው በኋላም ሊቀመጥ ይችላል፤ ግሡም በመካከል ስለሚውል የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ አያስታውቅም። እኛ በግሥ ጫፍ የምንሠራውን ሥራ እነርሱ ከፊሉን በመስተፃምር፣ ከፊሉን በምልክት ይሠሩታል። ስለዚህ በአማርኛ ጌጥ የምትመስለው ነጥብ በእንግሊዝኛ ሸክም ተሸካሚ ናት።

በጣና ደሴቶች፣ በክብራንና በዳጋ ገዳማት የሚገኙትን የብራና መጻሕፍት የተመለከተ ሰው፣ ጸሐፊው በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ እያኖረ፣ ነገሩ ሲፈጸም በአራት ነጥብ መዝጋቱን ያስተውላል። የእንግሊዝኛው ሴሚኮለን ደግሞ በኅትመት የታየው በ1496 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ አልዶ ማኑዚዮ የተባለው አታሚ በቬኒስ ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ቬኒስ በዚያ ዘመን የታወቀች የነጋዴዎች ከተማ ነበረችና፣ ምልክቱ ከነጋዴ ጋር የቆየ ጉርብትና አለው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ወደ ሥራችን እንመለስ። ራሱን ችሎ የሚቆም የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ራሱን ከቻለ ከሌላ ዐረፍተ ነገር ጋር በኮማ ብቻ አይያያዝም። ከላይ ያየነውን ደብዳቤ ለማቅናት «ሬዲ» ከሚለው ቃል በኋላ ኮማዋን አንሥቶ ነጥብ ማሳረፍ ይበቃል፤ «ዘ ባግስ አር ሬዲ. ዌን ዩ ኦፕን ዘ ኤል ሲ, ዊ ዊል ሎድ.» በነጥቡ ፈንታ ሴሚኮለን ቢቀመጥም ያው ነው፤ ልዩነቱ ሁለቱ ሐሳቦች በቅርብ የሚዛመዱ መሆናቸውን ማሳየቱ ብቻ ነው። ኮማዋን ማስቀረት የማይፈልግ ደግሞ ከእርስዋ ቀጥሎ «ኤንድ»፣ «በት»፣ «ኦር» ወይም «ሶ» ከሚሉት አንዱን ይጨምርባት። ከሦስቱ አንዱን ለመምረጥ የሚያመነታ ጸሐፊ ነጥቡን እንዲመርጥ እመክራለሁ፤ አጭር ዐረፍተ ነገር በመጻፉ ውሉ የፈረሰበት ነጋዴ አላየሁም።

ከዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያሰናክል አንድ ነገር አለ። መዝገበ ቃላት «በት»ንም «ሀውኤቨር»ንም «ነገር ግን» ወይም «ሆኖም» እያለ ስለሚፈታቸው፣ ጸሐፊዎቻችን እኩል አድርገው ይቈጥሯቸዋል። በፍች ይቀራረባሉ፤ በአገልግሎት ግን ይለያያሉ። «በት» ሁለቱን ዐረፍተ ነገሮች በኮማ እየታገዘ ሲያያይዝ፣ «ሀውኤቨር» እና «ዜርፎር» ማያያዝ አይችሉም። «ዘ ፕራይስ ሮዝ, ሀውኤቨር, ዊ ሺፕድ» ብሎ የጻፈ ሰው፣ «ሆኖም» የሚለው ቃል ከዋጋው መወደድ ጋር ይሁን ከመላኩ ጋር አላስታወቀም። ትክክለኛው አጻጻፍ «ዘ ፕራይስ ሮዝ; ሀውኤቨር, ዊ ሺፕድ» የሚለው ነው።

«ኢፍ»፣ «ዌን»፣ «ቢኮዝ» በመሳሰሉት የሚጀምረው ጥገኛ ሐረግ ከፊት ሲመጣ በኮማ ይለያል፤ ከኋላ ሲመጣ አብዛኛውን ጊዜ ኮማ አያስፈልገውም። እንዲሁም የእኛን ድርብ ሰረዝና ሴሚኮለንን አንድ ናቸው ብሎ ማሰብ ያሳስታል። እኛ ድርብ ሰረዝን ነገሩ ገና ካላለቀበት ስፍራ ላይ ስናኖር እንገኛለን፤ ሴሚኮለን ግን፣ ረጃጅም ዝርዝሮችን ለመለየት ካልሆነ በቀር፣ በግራውም በቀኙም ሙሉ ዐረፍተ ነገር ይፈልጋል።

በገንዘብ ረገድ ከሁሉ የምትከፋው ግን «ዊች» ከሚለው ቃል በፊት የምትገባው ኮማ ናት። ከተላኩት 400 ጆንያዎች 30ዎቹ ብቻ ረጥበው ተመለሱ እንበል። «ዘ ባግስ ዊች ወር ዌት ወር ሪተርንድ» ያለ ኮማ ሲጻፍ፣ ከጆንያዎቹ መካከል የረጠቡት ብቻ ተመለሱ ማለት ነው። «ዘ ባግስ, ዊች ወር ዌት, ወር ሪተርንድ» ተብሎ በሁለት ኮማ ሲታጠር ግን ጆንያዎቹ በሙሉ ረጥበው ነበር፣ በሙሉም ተመለሱ ማለት ይሆናል። የሠላሳው ጆንያ ጉዳት በሁለት ምልክት ወደ አራት መቶ አደገ! በአማርኛ «የረጠቡት ጆንያዎች ተመለሱ» ብለን ስለምናልፈው ነገሩ አይታወቀንም። ጥንቃቄ የሚወድ ጸሐፊ ለመጀመሪያው ዐይነት «ዛት» የሚለውን ቃል፣ ለሁለተኛው ብቻ «ዊች»ን ከነኮማው ቢጠቀም ይበጀዋል።

ይህ ሁሉ የመምህራን ጭቅጭቅ ብቻ ለሚመስለው በካናዳ የሆነውን እንንገረው። ሮጀርስ የተባለው የቴሌቪዥን ኬብል ኩባንያ ሽቦውን በምሰሶዎች ላይ ለመዘርጋት አሊያንት ከተባለ የስልክ ኩባንያ ጋር ተዋውሎ ነበር። ውሉ ለአምስት ዓመት እንደሚጸና፣ ከዚያም በየአምስት ዓመቱ እንደሚቀጥል ከተናገረ በኋላ ኮማ አኑሮ፣ ከሁለት አንዱ ወገን የአንድ ዓመት ማስታወቂያ ሰጥቶ ካላፈረሰው በቀር ይላል። «በቀር» የሚለው የሚመለከተው መራዘሚያውን ብቻ ነው ወይስ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዓመታትም ጭምር? የካናዳ የቴሌኮሙኒኬሽን ተቈጣጣሪ ኮሚሽን በ2006 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በሰጠው ውሳኔ፣ ኮማዋ ሐረጉን ከሁለቱም ጋር ታገናኘዋለች፣ ስለዚህ ውሉ ከአምስቱ ዓመት በፊትም ሊፈርስ ይችላል አለ። ይህም ሮጀርስን ከ2 ሚሊዮን የካናዳ ዶላር በላይ እንደሚያስከፍለው ተገምቶ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ኮሚሽኑ የውሉን የፈረንሳይኛ ቅጂ ከተመለከተ በኋላ ስለ ኮማዋ የሰጠውን ትርጓሜ ለወጠ፤ በፈረንሳይኛው ነገሩ ግልጽ ነበርና።

እኛ ሁለት ቅጂ ያለው ጽሑፍ ምን እንደሚያመጣ ከ1881 ዓ.ም. የውጫሌ ውል ከአንቀጽ 17 ተምረናል፤ በዚያ ጊዜ የለየው ኮማ ሳይሆን ግሥ ነበር። የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ያቋቋመው አዋጅ ቁጥር 3/1987 የአማርኛው ቅጂ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና እንዳለው የደነገገው ሕግን በሚመለከት ነው። ነጋዴው ለራሱ ውል ይህን ድንጋጌ በገዛ እጁ መጻፍ አለበት፤ በሁለት ቋንቋ ሲዋዋል የትኛው ቅጂ እንደሚጸና በአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር ያመልክት።

ለመልመጃ የሚከተለው ቀርቧል። «ዘ ትራክስ ሌፍት ባሕር ዳር, ኢፍ ዘ ሮድ ኢዝ ድራይ, ዘይ ዊል ሪች ጂቡቲ ኦን ፍራይዴይ.» አንባቢው መኪናዎቹ በእርግጥ መነሣታቸውን ገዢው እንዳይጠራጠር አድርጎ በሦስቱ መንገዶች ይጻፈው፤ ቀጥሎም በሦስተኛው መንገድ «ኤንድ»ን ወይስ «ሶ»ን መምረጥ እንደሚሻል ምክንያቱን ይስጥ።