አራተኛዋ ሯጭ እና ሁለተኛው ተጫዋች

የደብረ ማርቆሷ ልጅ መሰለች መልካሙ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂ ሴቶች ውድድር ደጋግማ 3ኛ ወጥታለች። አንዱ እ.ኤ.አ. በ2007 በኬንያዋ ሞምባሳ፣ ሌላው በ2009 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ አማን፣ ሌላውም በ2010 በፖላንዷ ቢድጎሽች ነበር። በግሏ ያገኘችው ሦስቱንም ጊዜ ነሐስ ነው። የቡድኑ ሜዳሊያ ግን ተለያየ። ሞምባሳ ላይ የኢትዮጵያ ሴቶች የቡድን ወርቅ ሲያገኙ፣ በአማንና በቢድጎሽች ወርቁን ኬንያ ወስዳ ለኢትዮጵያ ብሩ ደረሳት። እሷ ያው 3ኛ ሆና ሳለ የቡድኑ ዕጣ የተለወጠው በምን ምክንያት ነው? መልሱ ከአሯሯጧ ይልቅ በአቆጣጠሩ ውስጥ ይገኛል።

በአገር አቋራጭ ሩጫ እያንዳንዷ ሯጭ የወጣችበት ደረጃ ነጥቧ ነው። አንደኛ የወጣች 1 ነጥብ፣ ሃያኛ የወጣች 20 ነጥብ ትይዛለች። አንድ አገር በሴቶች ስድስት ሯጮች ያሰልፍና ቀድመው የገቡት የአራቱ ነጥብ ይደመራል። ድምሩ ያነሰው ቡድን ያሸንፋል። አንድ ምሳሌ እናስላ። የአንዱ አገር ሯጮች 1ኛ፣ 2ኛ፣ 3ኛ እና 30ኛ ወጡ እንበል፤ ድምራቸው 36 ነው። የሌላው አገር ሯጮች 5ኛ፣ 6ኛ፣ 7ኛ እና 8ኛ ወጡ፤ ድምራቸው 26 ይሆናል። የመጀመሪያው አገር የግል ሜዳሊያዎቹን በሙሉ ጠራርጎ ቢወስድም የቡድኑን ወርቅ የሚያጠልቀው ሁለተኛው ነው። ካሜራ የማያነሳት፣ ስሟ በዜና የማይጠራ አራተኛዋ ሯጭ ፍርዱን ትሰጣለች።

ሞምባሳ ላይም የሆነው ይኸው ነው። በግል ያሸነፈችው በኬንያ ተወልዳ ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሎርና ኪፕላጋት ነበረች። ኔዘርላንድስ ግን አንደኛዋን ይዛ የቡድኑን ወርቅ አላገኘችም፤ ከሎርና ኋላ ደረጃውን የሚሞሉ ሦስት ሯጮች ያስፈልጓት ነበር። ኢትዮጵያ ከመሰለች ፊት 2ኛ የወጣችው ጥሩነሽ ዲባባ ነበረቻት፤ ከኋላቸውም የሚከተል ነበር።

ይህን ትምህርት አገራችን ያገኘችው ገና ወደ ሻምፒዮናው በገባችበት ዓመት ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 በማድሪድ የኢትዮጵያ ወንዶች የዙሩን ቁጥር ተሳስተው፣ አንድ ዙር እየቀረ የመጨረሻው መስሏቸው ፍጥነታቸውን ጨረሱ። በግል ያሸነፈው አሜሪካዊው ክሬግ ቨርጂን ሲሆን መሐመድ ከድር 2ኛ ወጣ። በዚያን ጊዜ በወንዶች የሚቆጠረው የስድስት ሯጮች ደረጃ ነበርና እንደዚያ ዓይነት ስህተት እንኳ የቡድኑን ወርቅ ከኢትዮጵያ እጅ አላወጣውም። አንድ ሰው ቢዘናጋ የሚሸከመው ሌላ ሰው ስላለ ነው። ከዚያ ዓመት እስከ 1985 የወንዶቹን የቡድን ወርቅ ማንም አልነጠቃቸውም።

ሩጫ በባሕርይው የብቻ ስፖርት ነው፤ ቡድን የሚያደርገው ድምሩ ነው። ሜዳ ቴኒስም እንዲሁ የብቻ ስፖርት ነው። እርሱን ቡድን ያደረገው ግን ሌላ ዓይነት ስሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ1900 ድዋይት ዴቪስ የተባለ የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የብር ዋንጫ አሠርቶ አሜሪካና ብሪታንያ ቦስተን አጠገብ እንዲጋጠሙ አደረገ። ራሱም ተጫውቶ አሜሪካ 3 ለ 0 አሸነፈች። ዛሬ ዴቪስ ካፕ የሚባለው ውድድር የተጀመረው በእነዚህ ሁለት አገሮች ነው፤ አሁን ከ150 በላይ አገሮች ይመዘገቡበታል። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ1995 ለመጀመሪያ ጊዜ ገብታበታለች።

ለረጅም ዘመን የቆየው አቆጣጠር እንዲህ ነው። ሁለት አገሮች አምስት ጨዋታ ያደርጋሉ፦ አራት ነጠላና አንድ ጥንድ። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ነጠላ፣ በሁለተኛው ቀን ጥንዱ፣ በሦስተኛው ቀን ሁለቱ ነጠላዎች ተጋጣሚ ቀይረው ይካሄዳሉ። ሦስት ጨዋታ ያሸነፈ አለፈ። አንድ ኮከብ ሁለቱን ነጠላዎቹን ቢያሸንፍ 2 ነጥብ ያመጣል፤ ለድል ግን 3 ያስፈልጋል። ከዋክብት የቱንም ያህል ቢበረቱ ብቻቸውን ሁልጊዜ አንድ ነጥብ ይጎድላቸዋል። ያንን አንድ ነጥብ ወይ ጥንዱ ወይ ሁለተኛው ተጫዋች ማምጣት አለበት።

የዚህ ጥሩ ማስረጃ እ.ኤ.አ. በ2015 የታየው የብሪታንያ ድል ነው። ብሪታንያ ከ1936 በኋላ ዋንጫውን ያነሳችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ቡድኑ በአራት ግጥሚያ ካገኛቸው 12 ነጥቦች በ11ዱ ውስጥ ኮከቡ ተጫዋች አንዲ መሪ ነበረበት፤ ስምንቱን በነጠላ፣ ሦስቱን በጥንድ። ቁጥሩን ያየ ሰው አንድ ሰው ዋንጫ አመጣ ቢል አይፈረድበትም። ቀሪውን አንድ ነጥብ ግን እንመልከተው። በመጀመሪያው ዙር አሜሪካን 3 ለ 2 ሲያሸንፉ የብሪታንያ ጥንድ ተሸንፎ ነበር። ለድሉ የጎደለውን ነጥብ ያመጣው ጄምስ ዋርድ ነው፤ ከእርሱ እጅግ የላቀ ደረጃ የነበረውን ጆን ኢስነርን በአምስተኛው ምዕራፍ 15 ለ 13 ረታ። ያ ነጥብ ባይኖር አንዲ መሪ ቀሪዎቹን ሦስት ግጥሚያዎች አይደርስባቸውም ነበር።

የውድድሩ ደንብ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። እስከ 1971 ድረስ ዋንጫውን የያዘው አገር ቤቱ ተቀምጦ ተፎካካሪዎቹ እርስ በርስ ተሸናንፈው እስኪመጡለት ይጠብቅ ነበር። ፈረንሳይ በ1927 ዋንጫውን ወስዳ እስከ 1932 ስትይዘው ይህ ጥቅም ረድቷታል። የፓሪሱ ሮላን ጋሮስ ስታዲየም በ1928 የተሠራውም ያን ዋንጫ በአገር ቤት ለመከላከል ነበር።   ከ2019 ጀምሮ በፍጻሜው ውድድር አምስቱ ጨዋታ ወደ ሦስት ወርዷል፤ ሁለት ነጠላና አንድ ጥንድ። ለማለፍ ሁለት ነጥብ ይበቃል። አንድ ኮከብ ግን ከነጠላ የሚያመጣው አንድ ብቻ ነው። ስሌቱ ቢያጥርም ያ የጎደለው አንድ ነጥብ ከቦታው አልተነሳም።

እንግዲህ ሁለቱን አቆጣጠሮች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው። ቴኒስ ኮከቡን እንደ ምሰሶ አቁሞ አንድ ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል። አገር አቋራጭ ደግሞ ከኮከቡ ኋላ ሦስት ተጨማሪ ሰው ይጠይቃል፤ በዚያ ላይ እነዚያ ሦስቱ ምን ያህል ወደኋላ እንደቀሩ አንድ በአንድ ይቆጥራል። ጎበዝ አንድ ልጅ ያለው አገር በቴኒስ ተስፋ አለው፤ በአገር አቋራጭ ግን ብዙ ልጆች የሚሮጡበት፣ ከአሸናፊው ጥቂት ሰከንድ ዘግይተው የሚገቡት የማይረሱበት አገር ያሸንፋል።

የመሰለች ደብረ ማርቆስ በምትገኝበት በጎጃም ደጋ ያሉ ትምህርት ቤቶችና ክለቦች ከዚህ የሚወስዱት ነገር ቀላል ነው። አንደኛ የወጣችውን ልጅ ብቻ መርጦ ማሠልጠን ለግል ሜዳሊያ ይበጃል። ቡድን ለመሥራት የሚፈልግ አሠልጣኝ ግን አራተኛዋ የገባችበትን ሰዓት መጻፍ፣ በሚቀጥለው ወርም ከአንደኛዋ ጋር ያላት ልዩነት በስንት ሰከንድ እንደጠበበ ማየት አለበት። የቡድኑ ዕድገት የሚለካው በዚያ ልዩነት ነው።