ከክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ የሚያስሮጥ ሕመምና በቤት የሚያዝ ሕመም

ብዙ ወገኖቻችን የክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና የሚያደርጉት በድብቅ ነው። ጎረቤት ሲጠይቅ «ስፖርት ጀምሬ ነው» ይባላል። የሰው አፍ ያስፈራልና አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ የሚመጣው ችግር አብዛኛው በጊዜ ከተደረሰበት ይታከማል፤ የሚጎዳው መዘግየት ነው፤ ከሚያዘገዩት ነገሮች አንዱም ይኸው ምስጢር ነው።

ደረጃ 1፦ አንድ ሰው ይወቅ

ራስዎን ቢስቱ ለሐኪም የሚናገርልዎ አንድ የቤት ሰው ይምረጡ። የተደረገልዎት የትኛው እንደሆነም ይወቅ። በስሊቭ ከጨጓራ 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ ይወጣል። በባይፓስ ደግሞ 30 ሚሊ ሊትር ገደማ የምትይዝ ትንሽ ከረጢት ከጨጓራው ትለይና በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር ትገናኛለች። የሁለቱ ችግሮች ስለሚለያዩ «ጨጓራዬን ተሠርቻለሁ» ማለት ብቻ አይበቃም። የቀዶ ሕክምናው ዓይነት፣ ቀኑና የሚወስዷቸው መድኃኒቶች የተጻፉበትን ወረቀት በስልክዎ ፎቶ አንስተው ይያዙ። ውጭ አገር ከተሠሩ ወረቀቱን ሳይቀበሉ አውሮፕላን አይሳፈሩ።

ደረጃ 2፦ በመጀመሪያው ወር የልብ ምትዎን ይቁጠሩ

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በጣም ከሚያሰጉት አንዱ የተሰፋው ቦታ ማፍሰሱ ነው። ሆድ ውስጥ ሲፈስ ሁልጊዜ ከባድ ሕመም አይቀድመውም፤ አንዳንዴ መጀመሪያ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን ነው። ጋደም ብለው እያረፉ በደቂቃ ከ120 በላይ ከመታ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሆድ ወይም ግራ ትከሻ ካመመ፣ ወይም ትንፋሽ ካጠረ፣ አንዱ ብቻ ቢታይም በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ማስታገሻ ውጦ «እስኪነጋ ልየው» ማለት እዚህ ላይ አይሠራም። ጥቁር ሰገራ፣ ደም ማስታወክና ማዞር የመድማት ምልክት ስለሆኑ እንደዚያው ያስሮጣሉ።

ሌላው የደም መርጋት ነው። በእኛ ቤት የተቀደደ ሰው እንደ አራስ ይታረሳል፤ ከአልጋ እንዳይወርድ ይለመናል። ፍቅር ነው፣ ግን ይህን በሽተኛ ይጎዳዋል። ሐኪሙ ከፈቀደበት ሰዓት ጀምሮ ቤት ውስጥም ቢሆን ይራመዱ፤ የደም ማቅጠኛ መርፌ ከታዘዘም እስከ መጨረሻው ይወጉ። የአንድ እግር ባት ካበጠና ካመመ፣ ወይም ድንገት ደረት ከወጋና ትንፋሽ ካጠረ፣ ቀጠሮ አይጠብቁ።

ደረጃ 3፦ ውኃና ትውከት

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሰዎችን ደጋግሞ ወደ ሆስፒታል ከሚመልሱት ነገሮች አንዱ የውኃ እጥረት ነው። በቀን 1.5 ሊትር ገደማ እየተጎነጩ ይጨርሱ፤ ከምግብ ጋር ግን አይጠጡ፣ ከበሉም በኋላ ግማሽ ሰዓት ይቆዩ። ሽንት ከጠቆረ ውኃው አልበቃም ማለት ነው። ካስታወኩ መጀመሪያ አበላልዎን ይመልከቱ፦ ፈጥነዋል? ሳያላምጡ ውጠዋል? አንድ ጉርሻ አብዝተዋል? ውኃም እንኳ ቀኑን ሙሉ አልረጋ ካለ ግን ሐኪም ጋ ይሂዱ።

እዚህ ላይ ጠበቅ አድርጌ የምናገረው አለኝ። ሰውነታችን የሚያስቀምጠው ቫይታሚን ቢ1 ለጥቂት ሳምንታት ብቻ ነው የሚበቃው፤ ትውከት ከቀጠለ ያልቃል። ሲያልቅ ዓይን ይደባልቃል፣ እግር ይንገዳገዳል፣ አእምሮ ግራ ይጋባል፤ ካልታከመም ዘላቂ ጉዳት ያስቀራል። ሲያስታውከን ደግሞ ልማዳችን ሰፈር ክሊኒክ ገብቶ «ግሉኮስ ስቀሉልኝ» ማለት ነው። ቢ1 ላለቀበት ሰው ግሉኮስ ብቻውን ጉዳቱን ያባብሳል። ስለዚህ «ክብደት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ፣ እያስታወከኝ ነው፣ ከግሉኮሱ በፊት ቢ1 ይሰጠኝ» ይበሉ። ይህን ዓረፍተ ነገር የቤት ሰውዎም ይወቀው።

ደረጃ 4፦ ጠያቂና ጣፋጭ

ጠያቂ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ጁስ፣ ለስላሳ፣ ማር ይይዛል፣ አጥሚቱም በስኳር ይሠራል። ስኳሩ በፍጥነት ወደ አንጀት ሲወርድ ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ልብ ይመታል፣ ያልባል፣ ሆድ ይቆርጣል፣ ተቅማጥ ይመጣል። ይህ ዳምፒንግ ይባላል፤ በባይፓስ ይበረታል፣ በስሊቭም አይጠፋም። ሌላው ዓይነት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ቆይቶ የሚመጣው ነው፦ የደም ስኳር ይወርድና ያንቀጠቅጣል፣ ያደክማል። መድኃኒቱ አበላል ላይ ነው። አጥሚቱ ያለ ስኳር ይሠራ፤ ከእንጀራው በፊት እንቁላሉ፣ ዓሣው ወይም ምስሩ ይቅደም። ጉርሻ ሲመጣ «በቃኝ» ማለትን ይልመዱ። ዘግይቶ የሚመጣው ከተደጋገመ ለሐኪም ይንገሩ። የስኳር በሽተኛ ከሆኑ በድሮው የኢንሱሊን መጠን አይቀጥሉ፤ ሐኪሙ ወዲያው ሊያስተካክለው ይገባል።

ደረጃ 5፦ ጾምና ቫይታሚን

ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከዓሣ ነው። የተሠራ ጨጓራ ደግሞ ያገኘውንም በደንብ አያስመጥጥም። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ለሚጾም ኦርቶዶክሳዊ ይህ ከባድ ጉዳይ ነው። ለንስሐ አባትዎ ሕመምዎን ይግለጹ፤ ጾሙን ከያዙም የቢ12 ክኒኑን ወይም መርፌውን አያቋርጡ። ረመዳንን የሚጾሙ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ያለ ውኃ መዋል ስላለባቸው፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ሐኪም ሳያማክሩ አይጀምሩ።

የብረት ክኒንን ከቡና ወይም ከሻይ ጋር አይውሰዱ፤ ከካልሲየምም ሁለት ሰዓት ያራርቁት። በቀን ቢያንስ 60 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋል። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ፀጉር ቢረግፍ አይደንግጡ፤ አመጋገቡ ከተስተካከለ ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። የደም ምርመራው በ3፣ በ6 እና በ12 ወር፣ ከዚያም በየዓመቱ ነው፤ ቫይታሚኑም የዕድሜ ልክ ነው።

ደረጃ 6፦ «ጨጓራ ነው» የሚባለው ሕመም

እኛ ዘንድ የሆድ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ይባላል። ባይፓስ ላለው ሰው ይህ አደገኛ ነው። ከዓመታት በኋላም ቢሆን አንጀት በውስጥ ክፍተት ሾልኮ ሊታነቅ ይችላል፤ ከበሉ በኋላ መጥቶ የሚሄድ ቁርጠት ይሆንና አንድ ቀን ይጸናል። ከበረታ ድንገተኛ ክፍል ገብተው «ባይፓስ አለኝ» ይበሉ፤ ሲቲ ስካንና የቀዶ ሐኪም እይታ ያስፈልገዋል። በቀኝ ጎን ከጎድን ሥር የሚያም ከሆነ የሐሞት ጠጠር ሊሆን ይችላል፤ ፈጥኖ የከሳ ሰው ላይ ይበዛል፣ አልትራሳውንድ ያሳየዋል። ኢቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በተለይ የባይፓስ መገጣጠሚያውን ያቆስላሉ፣ ሲጋራም እንዲሁ። ራስ ሲያምዎ ፋርማሲ ገብተው ፓራሲታሞል ይጠይቁ።

ደረጃ 7፦ እርግዝና

ክብደት ሲቀንስ የመውለድ ዕድል ይጨምራል፤ ከባይፓስ በኋላ ግን የሚዋጥ የወሊድ መከላከያ ላያስተማምን ይችላል። ከ12 እስከ 18 ወር ይጠብቁ፤ እስከዚያ በክንድ የሚቀበረውን ወይም ሉፑን ያማክሩ። ካረገዙ ክትትሉን ሲጀምሩ ቀዶ ሕክምናውን ይናገሩ። በእርግዝና ጊዜ ለስኳር ምርመራ የሚሰጠው ጣፋጭ መጠጥ ዳምፒንግ ሊያስነሳብዎት ስለሚችል፣ በእሱ ፈንታ በጣት ደም ለተወሰኑ ቀናት እንዲለካልዎ ይጠይቁ።