ሞላ፣ ባሌስትራና ጎማ፦ ብር ከመላካችን በፊት እንወቅ

የዛሬው ትምህርታችን ስለ መኪና ነው። «እኛን ከመኪና ጋር ምን አገናኘን?» የምትሉ አትጠፉም። ግን ከመሃላችን ስንቶቻችን ነን ደሞዛችንን አጠራቅመን አገር ቤት ሚኒባስ የገዛነው? በየወሩ «ይሄ ተበላሸ፣ ላኪ» ሲሉን ስለማናውቅ ሳንጠይቅ እንልካለን።

እኔም እንደዛው ነበርኩ። ወንድሜ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይሠራል። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ቁልቁለትና ጥምዝ ነው። አንድ ቀን ደውሎ «መኪናው ያነጥራል፣ በዝናብ ኋላው ይንሸራተታል፤ ባሌስትራ ላስጨምርበትና ይጠንክር፣ ብር ላኪልኝ» አለኝ። ከመላኬ በፊት የቤቱን ሹፌር አማከርኩት። የኬረላ ሰው ነው፣ ብዙ ዓመት ነድቷል። «መጀመሪያ የጎማውን ፎቶ ይላክልሽ» አለኝ። ከዛ ወዲያ ያስተማረኝን ነው የማካፍላችሁ።

1. የየአንዳንዱ ሥራ

ሞላ እንደ ምንጣፍ ሳይሆን እንደ ጠመዝማዛ ሽቦ የተጠቀለለ ብረት ነው። ባሌስትራ ደግሞ ተደራርበው የታሰሩ ጎበጥ ያሉ ዝርግ ብረቶች ናቸው፤ በብዙ ሚኒባስ ከኋላ ያለው እሱ ነው። የሁለቱም ሥራ ክብደት መሸከም ነው። ጉድጓድ ሲገባ ይታጠፋሉ፣ መልሰው ይዘረጋሉ። ግን ራሳቸውን ማቆም አይችሉም፣ ይነጥራሉ። ንጥረቱን የሚያቆመው ሾክ አብዞርበር ነው (አሞርዛተር የሚሉትም አሉ)። መንገዱን የሚይዘው ግን ጎማ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጎማ መሬት የሚነካው መዳፍ ከነጣቱ በሚያህል ቦታ ነው። ፍሬኑም መሪውም የሚሠሩት በዛች ቦታ ነው። ስለዚህ ጎማው መላጣ ከሆነ አዲስ ባሌስትራ መንሸራተትን አያቆምም።

2. ጎማን ማንበብ

ጎማው ጎን ላይ ጽሑፍ አለ። 195/70 አር 15 ሲ ቢል፣ 195 ወርዱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 70 የጎኑ ቁመት ከወርዱ መቶኛ ነው፤ 15 የቸርኬው መጠን በኢንች ነው፤ ሲ ደግሞ የጭነት መኪና ጎማ ነው ማለት ነው። ከሱ ቀጥሎ 104 ካለ፣ አንዱ ጎማ እስከ 900 ኪሎ ይሸከማል። ለቤት አውቶሞቢል የተሠራ ጎማ ሚኒባስ ላይ ማድረግ አደጋ ነው።

ዲ ኦ ቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ደግሞ አራት ቁጥር አለ። ይሄ ልደቱ ነው። 2319 ማለት በ2019 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። የወንድሜ የኋላ ጎማ 1411 ይላል! «እንደ አዲስ ነው» ብለው ነው የሸጡለት። ጥርሱ ደህና ቢመስልም ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ብዙ አምራቾች ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ከ10 ዓመት በኋላ እንዲቀየር ይመክራሉ።

አበላሉም ይናገራል። መሃሉ ብቻ ከተበላ ንፋሱ በዝቷል። ሁለቱ ዳር ከተበላ ንፋሱ አንሷል። አንድ ዳር ብቻ ከተበላ የእግሩ አቅጣጫ ተዛብቷል፣ አላይመንት ይፈልጋል። እዚህም እዚያም ጎድጎድ ካለ ሾክ አብዞርበሩ ደክሟል። ንፋስ የሚለካው ጎማው ሳይሞቅ ጠዋት ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ ሲሽከረከር እየተጣጠፈ ይግላል፣ ሙሉ ሰው ጭኖ ሊፈነዳ ይችላል።

3. ባሌስትራ መጨመር

ብረት ሲጨመር መኪናው ከፍ ይላል፣ ይጠነክራል። ግን ባዶውን ሲሄድ እንደ ፍየል ይዘላል፣ ጎማው መሬት ይለቃል። ደግሞ ፍሬኑና ጎማው ያው የድሮው ናቸው፤ ስለዚህ «ተጠናክሯል» ብሎ ትርፍ ሰው መጫን ሰው መግደል ነው። የተሰበረ ወይም የተኛ ካለ ግን መቀየር ግድ ነው፤ ግራና ቀኙ አብሮ ይቀየር፣ አለዚያ መኪናው ያዘነብላል።

4. በስልክ የምንጠይቀው

ሀ) የአራቱም ጎማ ፎቶ፣ ጥርሱም አራቱ ቁጥርም እንዲታይ።
ለ) መኪናውን በአንድ ማዕዘን ተጭኖ መልቀቅ። አንዴ ተነስቶ ከቆመ ደህና ነው፤ ደጋግሞ ከነጠረ ሾክ አብዞርበሩ አልቋል።
ሐ) ዘይት የሚያፈስ ሾክ አብዞርበር፣ የተሰነጠቀ ባሌስትራ አለ ወይ?
መ) ሁለት አዲስ ጎማ ብቻ ከተገዛ ከኋላ ይግባ። በዝናብ ኋላው ከተንሸራተተ ሹፌር መመለስ ይከብደዋል።

ሞላ ግን ታምቆ የተቀመጠ ኃይል ስላለው ያለ መሣሪያው ቤት ውስጥ አይፈታ፤ ተፈናጥሮ ሰው ይጎዳል።

ወንድሜ መጀመሪያ ተቆጣ። «አንቺ እዛ ቁጭ ብለሽ መካኒክ ሆንሽ?» አለኝ። ግን ተጭኖ ሲለቀው መኪናው ሦስት ጊዜ ነጠረ። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ቀየርን፦ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጎማ፣ በሁለተኛው ሾክ አብዞርበር፣ ከዛ አላይመንት። ጋራዥ ሲፈታ አንድ ባሌስትራ ስንጥቅ ተገኘ፣ የሁለቱም ጎን ተቀየረ፣ ተጨማሪ ግን አልገባም። መኪናው አዲስ አልሆነም፤ ግን በጥምዙ ላይ ኋላው አይሄድም። እናቴም አሁን ሳትፈራ ትሳፈርበታለች። ለኔ ትልቁ ትርፍ ይሄ ነው።

የክለሳ ጥያቄ
1. ንጥረትን የሚያቆመው የትኛው ነው?
2. 0822 የሚል ጎማ መቼ ተሠራ?
3. ሁለት ዳሩ የተበላ ጎማ ምን ጎድሎታል?

መልስ፦ 1. ሾክ አብዞርበር። 2. በ2022 በ8ኛው ሳምንት። 3. ንፋስ።

እህቶቼ፣ ብራችን የላባችን ነው፤ ሚኒባሱ ላይ የሚሳፈረውም የሰው ልጅ ነው። መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ። በመንገድ ያሉትን ሁሉ እግዚአብሔር ይጠብቅልን።