ጥቁርና ነጭ ፊልምን በቤት ውስጥ ስለ ማጠብ

ፎቶ ቤቶች «ፊልም ማጠብ» የሚሉት ሥራ ስሙ ብዙ ሰው ያሳስታል። በውሃ ማጠቡ መጨረሻ ላይ ይመጣል እንጂ ዋናው ነገር ኬሚስትሪ ነው። በፊልሙ ላይ በተቀባው ጄላቲን ውስጥ የብር ጨው ቅንጣቶች አሉ፤ ብር ስንል የምንሸምትበትን ሳይሆን ማዕድኑን ነው። ብርሃን የነካቸውን ቅንጣቶች ዴቬሎፐር ወደ ጥቁር ብርነት ይለውጣቸዋል፤ ያልነካቸውን ፊክሰር አሟሙቶ ያወጣቸዋል። ነጭ ሸሚዝ በኔጌቲቭ ላይ ጠቁሮ የሚታየው ለዚህ ነው።

«ታዲያ ጨለማ ክፍል ከየት አባታችን እናምጣ?» የሚል ዕጩ መምህር አይጠፋም። ጨለማ የሚያስፈልገው ፊልሙን ከቆርቆሮው አውጥቶ በሪሉ ላይ ጠምጥሞ ታንኩን እስኪከድኑ ድረስ ብቻ ነው። ሌሊት መስኮቱን በወፍራም ብርድ ልብስ መሸፈን ይበቃል። ቀይ መብራት ግን አይበራም፤ እሱ ለማተሚያ ወረቀት ነው፣ የተለመደው ፊልም ቀዩንም ያያል። እጅ አስቀድሞ በማይፈለግ ፊልም፣ ዓይን ተጨፍኖ ይለማመድ።

ቀጥሎ ሙቀት ነው። ኮዳክ ትራይ-ኤክስ 400 ባልተበረዘ ዲ-76 ውስጥ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 6 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይፈልጋል፤ በ24 ዲግሪ 4 ደቂቃ ከ45 ሰከንድ ይበቃዋል። ከ5 ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ፊልሙን ዥንጉርጉር ሊያደርገው ስለሚችል፣ ቆላ ያላችሁ የዴቬሎፐሩን ጠርሙስ ከእንስራ በተቀዳ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አቀዝቅዙት። ታንኩም በየ30 ሰከንዱ እየተገለበጠ ይናጥ።

ዴቬሎፐሩ ተደፍቶ ታንኩ በውሃ ከተለቀለቀ በኋላ ፊክሰር ይገባል። ጀማሪ የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። ከፊልሙ ጫፍ የተቆረጠች ቁራጭ አስቀድማችሁ ፊክሰር ውስጥ ጣሉና ሰዓት ያዙ። ወተት የመሰለው መልኳ ጠፍቶ ጥርት እስክትል 2 ደቂቃ ከፈጀባት ፊልሙ 4 ደቂቃ ይቆይ። ፊክሰሩ አዲስ ሳለ ከፈጀው እጥፍ መውሰድ ከጀመረ ደክሟልና ይለወጥ። በደንብ ፊክስ ያልሆነ ኔጌቲቭ ዛሬ ደህና ይመስላል፤ ውስጡ የቀረው ጨው ግን እያደር ይጠቁራል፣ የአያት ፎቶ ከነመልኩ ይሄዳል። ስካነርም አይመልሰው። ወተታማነቱ በጊዜ ከታየ እንደገና ፊክስ አድርጎ ማጠብ ያድነዋል።

ቧንቧ ለሚቋረጥበት ግቢ የኢልፎርድ ኩባንያ ዘዴ ጥሩ ነው፤ ፊክሰሩ ጄላቲን የማያጠነክር ዓይነት ይሁን እንጂ። ታንኩን በውሃ ሞልቶ 5 ጊዜ መገልበጥ፣ ደፍቶ በአዲስ ውሃ 10 ጊዜ፣ እንደገና 20 ጊዜ። በቃ። የሠራንበት ዕቃ ግን ወደ ወጥ ቤት አይመለስ።

ሲደርቅ ስካን ይደረጋል። የሰነድ ስካነር አይሆንም፤ ብርሃን በፊልሙ ውስጥ አልፎ እንዲመጣ ክዳኑም መብራት ያለው ያስፈልጋል። የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም አንዱ ፎቶ 24 በ36 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ በ2400 ዲፒአይ ወደ 3400 በ2270 ነጥብ ይወጣዋል። አንዳንዱ ስካነር አቧራን በኢንፍራሬድ ለይቶ ያጠፋል፤ ይህ እዚህ አይሠራም። ብሩ ኢንፍራሬዱን ስለሚከለክል ማሽኑ ምስሉንም አቧራ ነው ብሎ ይቆጥረዋል። እሱን አጥፍታችሁ አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።