በበገና ልምምድ አውታር እንዳይሳት

በገና ዐሥር አውታሮች ያሉት ሲሆን፣ ደርዳሪው በተለምዶ በግራ እጁ ጣቶች ድምፅ የሚያወጣው ከተወሰኑት ብቻ ነው፤ ቀሪዎቹ ጣት ከነካ በኋላ የሚያርፍባቸው ናቸው። ጀማሪ አውታር የሚስተው በአብዛኛው ጣቱ ቀርፋፋ ሆኖ ሳይሆን፣ ከመንካቱ በፊት በቦታው ስላልነበረ ነው።

ልምምዱ የሚጀምረው ከቅኝት ነው። ከበግ አንጀት የሚሠራ አውታር እርጥበት ስለሚለዋውጠው፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው አገር በክረምት ማታ የተቃኘ በገና ጧት ተዛብቶ ሊገኝ ይችላል፤ በተዛባ ቅኝት ደግሞ ትክክለኛው ጣት የተሳሳተ ስለሚመስል ጆሮ ይበላሻል። በአውታሩና በብርኩማው፣ ማለትም አውታሮቹን ከገበቴው ከፍ አድርጎ በሚይዘው እንጨት፣ መካከል የሚገቡት እንዚራ የተባሉ ትንንሽ ቆዳዎችም ይፈተሻሉ። አንዱ ቦታውን ከለቀቀ የበገናው እዝዝታ ስለሚጠፋ በደንብ የተነካው አውታር እንኳ የተሳተ ይመስላልና፣ ተማሪ ጣቱን ከመውቀሱ በፊት ቆዳውን ቢያይ ብዙ ድካም ይቀርለታል።

ቀጥሎ፣ ያለ ዜማ፣ ጣቶች ብቻ ይሠራሉ፤ አንዱ ጣት አውታሩን ነክቶ ከጎኑ ባለው ላይ ካረፈ በኋላ ወደ መነሻው ሳይመለስ ሌላው አይነሣም። የፒያኖ ተማሪ በሁለትና በሦስት የተቧደኑትን ጥቁር ቁልፎች በዳሰሳ እንደሚለይ ሁሉ፣ የበገና ተማሪም ዓይኑን ከአውታሮቹ አንሥቶ በዳሰሳ ይለማመዳል።

የበገና ድርደራ አጭር ሐረግ እየተመላለሰ የሚሄድ በመሆኑ፣ ያልታረመ ስሕተት በየዙሩ ይመለሳል፤ ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ የሙዚቃ አልበም 11ኛ ቅጽ የታተሙትን የበገና ደርዳሪውን የዓለሙ አጋን ድርደራዎች በጥሞና የሚያደምጥ ሰው ይህን ምልልስ በግልጽ ይሰማዋል። ስለዚህ ጣት ሲስት ከመጀመሪያው መጀመር ጥቅም የለውም። ከስሕተቱ በፊት ያሉት ሁለት ንክኪዎችና ከኋላው ያለው አንዱ ብቻ ተነጥለው፣ ጣቱ ለማሰብ ጊዜ እስኪያገኝ ድረስ በዝግታ ይደጋገማሉ፤ ሦስት ዙር ያለ ስሕተት ካለፈ በኋላ ቁራጩ ወደ ሙሉው ሐረግ ይመለሳል፤ እንደገና ከተሳተ ፍጥነቱ ይቀነሳል እንጂ ድግግሞሹ አይጨመርም።

ድምፅ የሚጨመረው በመጨረሻ ነው፤ መጀመሪያ ማንጎራጎር፣ ከዚያ ቃሉ ይገባል። በማንጎራጎር ያልሳተ ጣት ቃል ሲጨመር ከሳተ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ትንፋሽ የሚወሰድበት ቦታ ስለሆነ፣ ትንፋሹ ከሐረጉ መጋጠሚያ ጋር እንዲገጥም ይዛወራል።