የልብ ወለድ መቼትና እውነተኛው ሥፍራ

መቼት ማለት በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ድርጊቱ የተፈጸመበት ጊዜና ሥፍራ ነው። ደራሲ ሥፍራውን ከሚያውቀው አገር ይወስዳል፤ ነገር ግን እንዳለ አይገለብጠውም። የሚከተለውን ምሳሌ አስተውሉ።

ጣሊያናዊው ደራሲ አንድሬያ ካሚሌሪ በሲሲሊ ደሴት ደቡባዊ ጠረፍ በምትገኘው በፖርቶ ኤምፔዶክሌ በ1925 እ.ኤ.አ. ተወለደ። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ ፖሊስ መርማሪው ስለ ሞንታልባኖ ባሳተማቸው ልብ ወለዶች ውስጥ በዚህች የትውልድ ከተማው ላይ የተመሠረተችውን ‹‹ቪጋታ›› የተባለች የፈጠራ ከተማ መቼት አደረገ። ከተማይቱም በበኩሏ በ2003 እ.ኤ.አ. ‹‹ቪጋታ››ን በስሟ ላይ ጨምራ እስከ 2009 ድረስ ስትጠራበት ቆይታለች።

እናንተም መጻሕፍቱን ወድዳችሁ ወደዚያ ብትጓዙ ወደቡንና የመርማሪውን ሐውልት ታያላችሁ። በቴሌቪዥን የታየውን የባሕር ዳር ቤቱን ግን አታገኙም፤ ቤቱ ያለው በዚያው ደሴት፣ በራጉሳ አውራጃ፣ ፑንታ ሴካ በተባለች መንደር ነውና። ቪጋታ ሙሉ ሆና የምትገኘው በመጽሐፉ ውስጥ ብቻ ነው።

መልመጃ

የምታውቁትን አንድ ሥፍራ ምረጡና ሌላ ስም አውጡለት። ሦስት ነገሮችን እንዳሉ ጠብቃችሁ፣ አንዱን ለውጣችሁ ሥፍራውን በአንድ አንቀጽ ግለጹ። ለምን እንደ ለወጣችሁትም በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ።